የፕላስቲክ ፈረስ ጆሮና የአክስቴ እጅ

ለተከበሩ አቶ ሮይስ ታከት፣
የሌክሲንግተን የሞዴል ፈረስ ሰብሳቢዎች የበጋ ትርኢት ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም ጣቶችዎ ሁሉ በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ከእርስዎ ድንኳን ከነጣቱ የወጣ ሰው እድለኛ ነውና። እኔ በግንቦት በሕዝብ አስተዳደር ተመርቄ ሥራ የምፈልግ፣ ኃላፊዎች ደብዳቤ አንብበው ስህተታቸውን ያርማሉ ብዬ ገና የማምን ወጣት ነኝ። የምጽፍልዎ ኮሚቴዎ ከትርኢቱ ዕድሜ ልኳን ስላገዳት አክስቴ ስለ ኦፓል ኮምብስ ነው። እገዳው እንዲነሣላት እለምናለሁ፤ ከልመናው በፊት ግን ምስጋና አለብኝ።

፩. ስለ ወረፋው አመሰግናለሁ። በቁጥር ተወስኖ የተሠራውን ዳማ ቦራ የፕላስቲክ ፈረስ ፍለጋ ከየአገሩ የመጣውን ሰብሳቢ በአንዲት ጠባብ በር አሰልፈው ሲያበቁ፣ በድምፅ ማጉያ “እያለቀ ነው፣ ፍጠኑ!” ብለው ማወጅዎ እኔ በትምህርት ቤት ያላገኘሁት ጥበብ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ የሰው ጎድን በክርን ሲደቁሱ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪም የጎረቤቷን ጆሮ ስትነክስ ለማየት የበቃሁት በእርስዎ ቸርነት ነው።

፪. ስለ አቶ ዴል ማጋርድም አመሰግናለሁ። አክስቴ ተራዋ ደርሶ የመጨረሻውን ካርቶን ስታነሣ፣ ከኋላዋ የቆሙት እኚህ ሰው ካርቶኑን ጨምድደው ያዙ።

“አንቺ አሮጊት፣ ልቀቂ ብያለሁ!”

“ተራዬ ነው፣ ባለጌ! እናትህ ወረፋ አላስተማረችህም?”

መልሳቸው ክርን ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ካርቶኑ ተቀደደ፣ እሷም የፈረሱን እግር እንደጨበጠች ወደቀች። አቶ ማጋርድ እስክትለቅ ድረስ ቀኝ እጇን በቦት ጫማቸው ደጋግመው ረገጡት። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማኝ። ይህን ጊዜ ሕዝቡ ባንድ አፍ ጮኸ፦ “ጆሮው! ጆሮው ደህና ነው?” የፈረሱን ማለታቸው ነው። ጥበቃዎ እየሮጠ መጥቶ “እማማ፣ ፈረሱ ላይ እንዳይተኙበት!” አላት። ምን ልበልዎ፣ አክስቴ ራሷ አፏ ደም እንደሞላ “ልጄ፣ ጆሮው ተረፈ?” ብላ ጠየቀችኝ።

፫. ከሁሉ በላይ ስለ ፍርድዎ። የሰው ፈረስ እንደማይነካ በመካከላችን የማያውቅ የለም፤ ከጠረጴዛ ሲወድቅ እንኳ እጅን ሰብስቦ ማየት ነው። ኮሚቴዎም ፈረሱ በመጨረሻ የተገኘው በአቶ ማጋርድ እጅ ስለሆነ ፈረሱ የእሳቸው ነው፣ አክስቴም የሰው ፈረስ ነክታለች ብሎ በየነ። የአቶ ማጋርድ ጫማ ግን ያረፈው በሰው እጅ እንጂ በፈረስ ላይ ስላልሆነ ደንቡን አልጣሰም አላችሁ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ፍርድ ለማንበብ መብቃቴ መማሬን አኮራኝ።

ያ እጅ የፈረስ ጋማ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ የሚስል እጅ ነበር፤ ዛሬ በብረት ታስሮ ማንኪያ አያነሣም። እሱስ ይሁን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ወዳጆቿ እነዚያ በበጋ ለትርኢቱ ባረፉበት ሆቴል የክፍላቸውን በር ከፍተው፣ ፈረሶቻቸውን አልጋ ላይ ደርድረው “ኦፓል፣ ነይ ግቢ!” የሚሏት ሰዎች ብቻ ናቸው። እገዳዎ የዘጋው ያንን በር ነው። ክቡር ሆይ፣ እጇን መመለስ አይችሉም፤ በሩን ግን ይችላሉ።

ትርኢትዎ እንዲደምቅ፣ ሐኪም ቤታችንም እንዲሞላ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና፣ እጄንም በኪሴ ከትቼ እሰናበትዎታለሁ።

ታቢታ ኮምብስ

ከፊርማዬ በኋላ የታሰበኝ፦ ለመጪው በጋ የትርኢቱ ውድድር የአክስቴን ቀኝ እጅ ፈረስ ነው ብዬ በስሜ አስመዝግቤአለሁ። ቀለሙ ዳልቻ ነው፣ እብጠቱ ሲጎድል ያመጣው። በቁጥር የተወሰነ ነው፤ የተሠራው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ደንብዎ ይጠብቀዋልና፣ የሰው ፈረስ እንደማይነካ ለአቶ ማጋርድ ቢነግሩልኝ።