የኩታበሯ እንቁራሪት

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ዛሬ በጠዋት ተነስቼ ኩታበር የሄድኩት፣ አምና ምንጩ ዳር ካሜራዬን ሳስተካክል ዘልላ ያመለጠችኝን፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር ያላትን እንቁራሪት ፎቶ ላነሳ ነበር። ዓመት ሙሉ ክረምቱን የጠበቅኩት ለእሷ ነው። ስደርስ ምንጩ ዙሪያውን በሲሚንቶ ተደፍኖ ቧንቧ ተተክሎበታል። ጭቃው የለም፣ ሣሩ የለም፣ እሷም የለችም።

እዚያው አጠገብ የሚያርሱትን ሼህ ሰይድን «እንቁራሪቶቹስ የት ሄዱ?» ብላቸው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ከእነሱ ጋር መጠጣት ቀረልን» አሉኝ።

ጥምጣማቸውን አስተካክለው ቧንቧው አጠገብ ቆሙና «በል እኔን አንሳኝ» አሉኝ። አነሳኋቸው። ከዚያ በጣሳ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ፤ ጠጣሁ።

መጣፈጡ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።