ባዶዎቹ ካርቶኖች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ገበያው ከቀዘቀዘ ወዲህ ሱቄ የጎደለ እንዳይመስል ባዶ የፔርሙዝ ካርቶኖች መደርደሪያው ላይ ደርድሬ ነበር። ዛሬ ከጃጁራ የሚመጡት የቆዩ ደንበኛዬ፣ እትዬ አየለች፣ ለልጃቸው ሰርግ ፔርሙዝ ፈልገው መጡ። ወደ ካርቶኖቹ እያመለከቱ "ከነዚያ ስድስት ስጠኝ" አሉኝ። "የሰው ናቸው፣ ተሸጠዋል" ብዬ ዋሸሁ። በዣንጥላቸው ጫፍ አንዱን ነካ ቢያደርጉት ወለሉ ላይ ወደቀ። ባዶ መሆኑ በድምፁ ታወቀ።

አልተቆጡም። "የለኝም ብትለኝ እኮ እስክታስመጣ እጠብቅህ ነበር፤ ሰርጉ ገና ነው" አሉና ጎረቤት ሱቅ ገቡ።

ካርቶኖቹን በሙሉ አወረድኳቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ ባዶውን መደርደሪያ አይቶ "ልትዘጋ ነው እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ ለጊዜው ያለኝ ይሄው ነው" አልኩት።

ጠዋት ለእሳቸው ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነበር።