ጥግ ላይ ያለው አልጋ

ኅዳር 4
ዛሬም ምንም አልተሸጠ። ባልና ሚስት ገብተው ፍራሹን ጫን ጫን አድርገው ዋጋ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ተያዩ። «እናስብበት» ብለው ወጡ። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር አልጋ ስሸጥ አራት ዓመቴ... «እናስብበት» ያለ ሰው ተመልሶ አያውቅም።

ጥግ ላይ ያለው የዋንዛ አልጋ ግን የእኔና የሮበሌ ነው። ለጥር ሰርጋችን። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ክብረት «ይሄ የልጄ ነው» ብለው ለይተው አስቀመጡልኝ። እማዬ በሰጠችኝ አንሶላ ሸፍኜዋለሁ።

ኅዳር 19
ሬዲዮው ጦርነት፣ ጦርነት ይላል። የት እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቀው... ነዳጅ ይወደዳል አሉ። ጋሽ ክብረት ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ አስነሱኝ። «ነገ ስንት እንደሚገባ እኔስ በምን አውቃለሁ?» ዋጋው የማይታወቅ ዕቃ ማን ይገዛል? ሰው በር ላይ ቆሞ አይቶ ይመለሳል።

ታኅሣሥ 2
ሮበሌ ከፍቶታል። ሴራሚክ የሚያነጥፍላቸው ሰዎች ቤታቸውን በጅምር ትተውታል። «ዶላሩ እስኪረጋጋ» እያሉ። ላስቀው ብዬ «ለዶላሩም ሽማግሌ እንላክለት?» አልኩት። አልሳቀም።

ታኅሣሥ 11
እማዬ የሰርጉን በርበሬ አስፈጭታ ጨረሰች። ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል።

ታኅሣሥ 20
ሮበሌ ሱቅ ድረስ መጣ። አልጋው አጠገብ ቆመ። አንሶላውን ገለጥ አድርጎ መለሰው።
«ጸዲ... ጥር ይለፈንና...»
«ከዚያ ጾም ይገባል እኮ።»
«ከፋሲካ በኋላ። ሥራው ከተመለሰ። ነገሩ እስኪጠራ ትንሽ እናስብበት።»

እናስብበት! ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴን እሺ አሰኝቶ... እናስብበት? አልጮህኩም። አፌ የለመደውን አወጣ፤ «እሺ፣ ስትወስኑ ብቅ በሉ» አልኩት። ለደንበኛ የምለውን።

ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቷል። እኔስ አልፈራሁም? አብሮ መፍራት አይቻልም ነበር? በጣም ከፍቶኛል።

ጥር 6
አልደወለም።

ጥር 17
ሰርጌ ዛሬ ነበር። ቤት መዋል አልቻልኩም፣ ሱቅ ገባሁ። አንዲት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር መጣች። ዞር ዞር ብላ ጥጉን አየች።
«ያ የተሸፈነውስ?»
ጋሽ ክብረት «እሱ እንኳ...» ማለት ጀመሩ። ቀድሜያቸው አንሶላውን ገፈፍኩት። ልጅቷ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለች፣ ራስጌውን ዳሰሰችው። ወደደችው፤ ያስታውቃል። ልጁ ዋጋ ጠየቀ። የዛሬውን ነገርኩት። ተያዩ።
«እናስብበት» አለ።

እሷ ቶሎ አልተነሳችም። እጇን ይዤ «አታስቢበት» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አልጋውን መልሼ አልሸፈንኩትም። አንሶላውን አጥፌ ቤት ወሰድኩት። እማዬ ተቀብላኝ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።