ከመሶብ የወጣው ጅብ

ለታናሽ እህቴ ለኮከቤ፤ ባሕር ተሻግረሽ ላለሽው ለዓይኔ ማረፊያ፤ ደኅና ነሽ ወይ? ስለ ሙቀቱ ስታማርሪ ሰምቻለሁና ሰላምታዬን በጓሳ ነፋስ አቀዝቅዤ ልኬልሻለሁ። ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ ፊቷ ፈታ አለ? እንቅልፍሽስ? እኛ እግዜር ይመስገን፣ ብርዱ አጥንት ቢሰብርም በቁማችን ነን።

ስትደውይ ሁሌ ከእኛ ቀጥለሽ የምትጠይቂው ጥሩሸዋን ነውና ከእሷ ልጀምርልሽ። የአንቺ እትዬ ጥሩሸዋ አልጋ ይዛለች። ከጥር ማርያም ማግስት ጀምሮ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ትኩሳት የላትም፣ ቁርጥማት የላትም፤ የጤና ጣቢያው ልጅ መጥቶ ለክቷት ምንም የለሽም ብሏታል። ባሏ ደብረ ብርሃን ልውሰድሽ ቢላት እምቢ አለች። ልጇ ቤተል ደኅና ናት፣ ላማቸውም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። የጥሩሸዋን በሽታ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም በሽታዋ እኔ ነኝ። እግዜር ይማራት እላለሁ፣ ግን ቶሎ ባይምራት ደስ ይለኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርክ ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ጉብታው ላይ መውጣት ስለሆነ ነው። እዚያ ደግሞ ግማሹ የቀየት ሰው ስልኩን ይዞ፣ ግማሹ ጆሮውን ይዞ ይቆማል። ገሊላ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ እናንተ ልትመለስ ነውና በእሷ እጅ ይድረስሽ።

ነገሩ የተነሣው አንቺ ከላክሽው ጆንያ ነው። የአሠሪሽ ልጆች አድገው የጣሉትን የመጫወቻ ጡብ፣ ያንን እርስ በርሱ እየተሰካ የሚገጣጠመውን ፕላስቲክ፣ ለሰፈሩ ሕፃናት ብለሽ ልከሽው አልነበር? ሕፃናቱ ሰለቻቸውና ጆንያው ከጎታው ጀርባ ወድቆ ቀረ። ክረምት ላይ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ሱፍ መፍተሉ ታከተኝና እንዝርቴን አስቀምጬ አንዱን ባንዱ ላይ ሰካሁ። በዚያው ተሰክቼ ቀረሁ።

እኔ ግን ቤት ሠርቶ ማፍረስ አልወደድኩም። አንዱ ነገር ሌላ ነገር ሲሆን ማየት ነው ደስ የሚለኝ። ሕግም አለኝ፦ ሲለወጥ አንድ ጡብ አይጨመርበትም፣ አንድ ጡብ አይነቀልበትም፣ በማጠፊያው ብቻ መዞር አለበት። ነቅሎ እንደገና መሥራትማ ማንም ይሠራዋል። መጀመሪያ እግሩን ሲያጥፍ በርጩማ የሚሆን በግ ሠራሁ። ቀጥዬ የመሐል ሜዳን ሚኒባስ ሠራሁ፤ በሮቹን ወደ ኋላ ስትገፊያቸው ጎፈር ይሆናሉ፣ የኋላው ቀይ የፍሬን መብራት ደረት ላይ ይመጣል፣ ሚኒባሱ ቁጭ ያለ ወንድ ጭላዳ ሆኖ ያፈጥብሻል። ባሌ ምንይሉ እንኳ መጀመሪያ ልጅ ለመዳር የደረስሽ ሴትዮ እቃ እቃ ጀመርሽ ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። ጭላዳውን ያየ ለት ግን ማጭዱን ጥሎ እስቲ ድገሚው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲሄድ የተሰበረ ጃንጥላና የተጣለ የራዲዮ አንቴና እየለቀመ ያመጣልኛል፣ ለማጠፊያ ይሆንሻል እያለ።

ጥሩሸዋ ጎረቤት አይደለች፣ በመስኮት አየችኝ። ጠዋት በግ ያየችውን ማታ በርጩማ ሆኖ አገኘችው። በዚያው ሰሞን በጓ ሞተችባት። በጓን የገደላት እርጥብ ሣር እንደሆነ፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ እንደነበር ባሏ ራሱ ተናግሯል። እሷ ግን ወፍጮ ቤት ተራ ይዛ፣ ተሾመች ጠይብ ወጥቷታል፣ ቤቷ ያለው ዕቃ ሲመሽ ይለወጣል፣ የሚለወጥ የሚሠራ ሰው ራሱም ይለወጣል አለች። በአገራችን እጁ የሠራለትን ሰው ጠይብ ማለት፣ ጠይብ ከተባለ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ማለት እንዴት እንደሚቀል አንቺም ታውቂዋለሽ። ስንቱን ቀጥቃጭ፣ ስንቷን ሸክላ ሠሪ በዚህ አስለቅሰዋል። ስሙ በእኔ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ክብደቱን አላውቀውም ነበር። ደጃፌን ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ የሚሸፍኑ ሴቶች አየሁ።

ይህንንስ በቻልኩት። የልጄን የአርሴማን ግን አልቻልኩም። የራቤሎቹ ሽማግሌዎች ልጃችሁን ለልጃችን ብለው መጥተው እሺ ብለን እንደነበር ጽፌልሽ ነበር። የልጁ አጎት ጋሽ ኃይለመስቀል አጥንታችንን ቆጥረው፣ ንጹሕ ነው ብለው፣ ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረን። ወሬው ከወፍጮ ቤት ገበያ ወጣ፣ ከገበያ ራቤል ደረሰ። አንድ ቀን በመንገደኛ አፍ፣ ነገሩ ለጊዜው ይቆየን የሚል መልእክት መጣ። ለጊዜው ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። አርሴማ አላለቀሰችም፤ ለሠርጓ ያስፈተልነውን የሱፍ ባና አጣጥፋ ከሣጥኑ ታች ከተተችውና ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ያኔ ነው እኔ ጥርሴን የነከስኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ እሱ ሥራ ይበዛበታል፣ እኔ ደግሞ እጄ ባዶ ነበር።

ጠይብ ካልሽኝ ጠይብ ልሁንልሽ፣ ጅብ ካልሽም ጅቡን ላሳይሽ አልኩ። ጅቡን የምታወጣው ግን አንቺ ራስሽ ትሆኛለሽ አልኩ፣ በልቤ።

የጥሩሸዋን አመል መቼም አልረሳሽውም። ሰው ቤት ስትገባ ከባለቤቱ ጉንጭ በፊት እጇ የሚደርሰው ክዳን ላይ ነው። በእማዬ ተዝካር ድስቱን ከፍታ ጨው አንሶታል ያለችው እሷ አይደለችም? ድስት ይሁን፣ እንስራ ይሁን፣ ሣጥን ይሁን፣ ተከድኖ ካየች ዓይኗ አያርፍም። ስለዚህ ከጡቡ መሶብ ሠራሁላት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያሰለፍኩ፣ እስከ ቁንጮው አሳምሬ።

ኮከብዬ፣ እንደዚህ መሶብ የተፈተንኩበት ሥራ የለም። የመሶቡ ጎን አራት ቦታ ተከፍሎ እግር ይሆናል፣ ክዳኑ ወደ ፊት ተገልብጦ ራስ ይሆናል፣ ቁንጮው አፍንጫ ነው፣ ከክዳኑ ሥር የተደበቁት ነጫጮቹ ጡቦች ጥርስ ናቸው። አስቸጋሪው የፊት እግሩ ነው፤ ጅብ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ይላል፣ የእኔው ግን ሲነሣ በአፍጢሙ ይደፋ ነበር። በጎቻችን ከተኙበት ሲነሡ አየሁ፤ መጀመሪያ የኋላውን ያነሣሉ፣ ፊታቸው ተንበርክኮ ይቆያል። ለጅቤ ገልብጬ አደረግኩት፣ የፊቱ ቀድሞ ቆመ፣ የኋላው ተከተለ፣ ሳይደፋ ቀረ። በራሱ እንዲነሣና አፉን እንዲገጥም ደግሞ ላስቲክ አስፈለገኝ። ከቀሚሴ ወገብ መዘዝኩት፤ ቀሚሴን እስከ ዛሬ በገመድ ነው የማስረው። ምንይሉ ሲያየው፣ አንቺ ሴትዮ፣ ጅብ ከቤት አስገብተሽ በየት ልታስወጪው ነው አለኝ። በመጣበት አልኩት።

የጥር ማርያም ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። ረቡዕ ስለዋለ ጾሙ እስኪፈታ ቆይተን ማኅበርተኛው ወደ ማታ ገባ። ጥሩሸዋም መጣች፤ የእመቤቴ ጽዋ ነውና መቅረት አልቻለችም። ስትመጣ ግን ከቡዳ ይጠብቀኛል ብላ ጤና አዳም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው። ቤቴ ገብታ፣ ጠላዬን ልትጠጣ፣ ከእኔው ልትጠበቅ! ቋጠሮውን ሳይ ትንሽ የቀረኝ ርኅራኄ ካለም እሱም ሄደ። ሁልጊዜ እንደምትቀመጠው ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች። የጡቡን መሶብ ከአጠገቧ ካለው መደብ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አልጠቆምኳትም፣ ንኪው አላልኳትም።

መምሬ ፍቅረ ሥላሴ ቆመው ጸሎት ጀመሩ። ዳቦውም ጽዋውም በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ቡራኬ ሳይደርስ ክዳን የሚነካ እጅ እንደሌለ በአገራችን ሕፃንም ያውቃል። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ጋኑ ጋ ቆሜ በነጠላዬ ሥር ወደ ምሰሶው አያለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ሳይጋመስ እጇ ሾልካ ወጣች። ቁንጮውን ያዘች። ጥቂት ብድግ አደረገችው፣ እንዲያው በስንጥቁ ልታይ።

ቷ! አለ። ጅቡ በፊት እግሩ ተነሣ፣ በኋላው ተከተለ፣ ራሱ ተገልብጦ አፉን ገጠመ፤ የገጠመው ደግሞ በጤና አዳሟ ቋጠሮ ላይ ነው። እኔ እንኳ ያን አላሰብኩትም ነበር፤ እሱ የእመቤቴ ጭማሪ ነው። ጥሩሸዋ ኡኡ ብላ ተነሣች፣ ጅቡ ከነጠላዋ ተንጠልጥሎ አብሯት ተነሣ። አላቁኝ፣ ነከሰኝ ትላለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መምሬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጸሎታቸውን እስከ አሜን ወሰዱት። ከአሜን በኋላ እኔ፣ ጥሩሸዋ፣ እኔ እዚህ ጋኑ ጋ ነኝ፣ እጄም ባዶ ነው፤ መሶቡን ጅብ ያደረገው የማን እጅ ነው አልኳት። ከማዶ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ቡራኬ ሳይደርስ የምትከፍት እጅ ናት አሉና ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ቤቱ ተናደ። ጥሩሸዋ ወጥታ ሮጠች። በቀየት መንገድ መሐል ለመሐል፣ ጅብ ነጠላዋን ነክሶ እየተከተላት፣ ውሾቹ እየጮኹባት፣ እቤቷ ገባች።

እስከ ዛሬ ጅቡን ማንም እንዳይነካው ብላ ከልክላለች አሉ። የሠራችው እጅ ካልፈታችው ጣቴ ይደርቃል ትላለች። ነጠላው ከነጅቡ ከእንስራው ጎን ተቀምጧል። መምሬ ጠርተውኝ፣ ተሾመች፣ በጽዋ ላይ ወጥመድ አይጠመድም ብለው ተቆጥተውኛል፣ ስግደትም ሰጥተውኛል። ስግደቱን ጨርሻለሁ። አንዳንዱን እየሳቅኩ ስለሰገድኩት ይቆጠርልኝ እንደሆነ አላውቅም። ታረቂያት ብለውኛልም። እታረቃታለሁ፤ በአፏ ያወጣችውን መጀመሪያ በአፏ ትመልሰው።

የጥሩሸዋ ወሬ በሄደበት መንገድ የእኔውም ሄደ፤ ከገበያ ራቤል ደረሰ። ትናንት ጋሽ ኃይለመስቀል በበቅሏቸው ከተፍ አሉ። ሚኒባሱን አምጪው አሉ፣ ጭላዳ አደረጉት፣ መልሰው ሚኒባስ አደረጉት፣ እራት እስኪቀርብ ከእጃቸው አልወጣም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ እኔ አምኛለሁ፣ ልጁም መጀመሪያውኑ አላመነም፣ የልጁ እናት ግን ያች ሴትዮ ዋሸሁ ስትል የሰማ ሰው ካልመጣልኝ አላርፍም ብላለች። ሳልሰማ አልመለስም ብለው አድረው ዛሬም እዚሁ ናቸው፤ ይህን ስጽፍ መጋረጃው ጀርባ ካለው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል።

እንግዲህ ወረቀቴ እያለቀ ነው። ምንይሉ ወገቧን በሱፍ መቀነት ጠበቅ አድርጋ ትሰር ብሎሻል። አርሴማ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ባናዋን ዛሬ ጠዋት ከሣጥኑ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፣ ምን ልታደርጊ ነው ብላት ብል እንዳይበላው ነው አለችኝ። በምትሠሪበት ቤት ያሉትን አሮጊት እጅ ንሺልኝ። ለእመቤትሽም ሰላም በያት። ለልጆቿ ጡባችሁ ቀየት ላይ ጅብ ሆኖ ሰው ነክሷል ብለሽ ንገሪያቸው። ቡናማ ጡብ ወድቆ ካገኘሽ ላኪልኝ።

ልዘጋው ስል የጥሩሸዋ ልጅ ቤተል ከደጅ ተጣራች። ወጣሁላት። እማዬ ዛሬ ነጠላውን ከነጅቡ ይዤ ልምጣ ወይ ብላለች አለችኝ፤ የምትለውን ሁሉ እላለሁ፣ ብቻ ጅቡን መልሳ መሶብ ታድርግልኝ፣ እንግዳ ግን እንዳይኖር ብላለች አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ልጅቷ አሳዘነችኝ፣ እናቷ ግን አላሳዘነችኝም። እንግዳ የለም፣ አሁኑኑ ትምጣ በያት ብዬ ሰደድኳት። በሩን ገፍቼ ስመለስ የእመቤቴ ጽዋ ሳምንቱ ሳይሞላ መዋሸቴ ትንሽ ከነከነኝና ቆም አልኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ባናቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ አልዋሸሽም የእኔ ልጅ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ የቤቱ ዘመድ ነኝ አሉኝ።

እህትሽ ተሾመች
ቀየት፣ መንዝ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.