የልጄን ማይክሮፎን ለዘጉት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ የስደተኞች ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለደም ግፊትዎ መውረድን፣ የሰው ልጅ አነጋገር ሲለቅሙ ለሚውሉት ጆሮዎችዎ ደግሞ ጥቂት እረፍትን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአዳራሹ ማዶ ልብስ የምሰፋው፣ የአውቶቡስ ነጂው ባለቤት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ልጄን የገሠጿት በሕዝብ ፊት ስለሆነ ምስጋናዬም ከሕዝብ ፊት እንዳይጎድልብዎ ብዬ ነው።

በዕለቱ ላልነበሩ አባላት ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ስለ ሟቹ አያቷ የጻፈችውን ልታነብ መድረክ ላይ ወጣች። አባቴን በስልክ ካልሆነ በቀር አታውቀውም ነበር፤ ቢሆንም ጽሑፉን ራሷ ጽፋ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን ቆማ ክረምቱን ሙሉ ስትለማመደው ከረመች። ገና ከግማሽ ሳትደርስ እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ማይክሮፎኑን ዘጉና፣ አፏ የባዕድ እንደሆነ፣ ቋንቋውን አጥርቶ የማይናገር ልጅም የአገሩ ልጅ ሊባል እንደማይገባው ለአዳራሹ አብራሩ። አዳራሹም አጨበጨበልዎ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ በቋንቋችን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እራት ቀርቧል ስላት በዚህ አገር ቋንቋ መጣሁ ትለኛለች። በሰው አገር እንግዳ መሆኔን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ ያደረጉኝ ግን እርስዎ ነዎት። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የአገር ልጅነት የሚመዘነው በአነጋገር ለዛ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እኛ አላዋቂዎቹ፣ ስንሰደድ ይዘነው የመጣነው ነገር ወላጅ ታመመ ሲባል መደንገጥ፣ ሞተ ሲባልም በተከራየነው ቤት ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ይመስለን ነበር። የአባቴ መርዶ በመጣ ዕለት ልጄ ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ለቅሶዋ የባዕድ ቅላጼ እንዳለው ሳላስተውል በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ዜግነት የቀየሩ አባላት ከፊተኛው ረድፍ ተነሥተው ከኋላ እንዲቀመጡ ስላዘዙልን እናመሰግናለን። አዳራሹን የሚያጸዱት እናት እንኳ፣ ሲወለውሉት በዋሉት ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ መደረጋቸው ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። ነገር ግን እኔና ባለቤቴ ዜግነት ስንቀበል ከእርስዎ በስተኋላ ቆመን ነበር። ለመሐላው እጅዎን ከሁላችንም ከፍ አድርገው ነበር፤ እኛ ከወረቀት ላይ እየተንተባተብን ያነበብነውን የዚህን አገር መዝሙር እርስዎ በቃልዎ ዘመሩት። መቼም ሰው ይረሳል። እኛ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የምናየው የእርስዎን ማጅራት ስለነበር ልንረሳው አልቻልንም።

3ኛ. ይህን ባለቤቴ እንዳልጽፈው ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲሰድበው ውሎ፣ ደህና ዋሉ እያለ የሚመለስ ሰው ነው፤ በእርሱ ምክንያት ነው ዛሬ ቀለል ያለ ደብዳቤ የደረሰዎ።

4ኛ. ልጆቻችን በዚህ ሁሉ መካከል የሚስቁበት ነገር ስላላሳጧቸው እናመሰግናለን። «ወንፊቱ» የሚል ስም አውጥተውልዎታል። እኔ እንኳ ስሙን አልወደድኩትም፤ ወንፊት ዱቄቱን ከገለባው ይለያል እንጂ ራሱን ከዱቄቱ ጋር አይቆጥርም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላልና፣ አንዳንድ ወዳጆች አምልጧቸው ነው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ይቅር በያቸው ብለውኛል። አልልዎትም። ቂመኛ ነኝ፤ እናቴም ቂመኛ ነበረች፤ ይህን ከአገሬ ሳላጎድል ይዤው ስለመጣሁ የአገሬ ልጅ ለመሆኔ በማስረጃነት እንዲያዝልኝ አመለክታለሁ።

ይሁንና ክቡርነትዎን በምሥራች ልሰናበት። ልጄ አፏን ፈታለች። ባለፈው ወር አንድ የጥርስ ሐኪም ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ሱቄ መጣና፣ በአዳራሹ የሆነውን መስማቱን፣ እርሱም የወላጆቹን ቋንቋ ማንም እንዳላስተማረው ነግሮን፣ እናስተምረው እንደሆነ በዚህ አገር ቋንቋ ጠየቀን። እኔ ጊዜ የለኝም ልለው አፌን ስከፍት፣ ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ወንበር ሰጠችው። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሲንተባተብ አታቋርጠውም፤ እስኪጨርስ ትጠብቀውና ቀስ ብላ ታርመዋለች። ሰሞኑን ደግሞ የምታናግረው እኔን መሆኑን ረስታ በቋንቋችን ቁልፉን የት እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። ቁልፉ የት እንዳለ ማስታወስ አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ማኅበሩ ተነፍቶ እንዲጠራ ለማድረግ የከፈሉትን መሥዋዕትነት ሁሉ፣ በተለይም ከሰው ልጆች ጋር ያጠፉትን ጊዜ እያሰብኩ፣ ከማይበርድ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከኋላ ረድፍ የምትቀመጠው
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ተማሪያችን የእርስዎ የበኩር ልጅ ነው። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። በቤትዎ ከዚህ አገር ቋንቋ በቀር ሌላ የተናገረ ይቀጣ እንደነበር፣ ይህንም ልጆችዎ ከሰው በታች እንዳይሆኑ ብለው እንዳደረጉት አጫወተኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለካ ለወንድም ይሠራል። ከሁሉ አስቀድመን እንድናስተምረው የጠየቀን አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ ቋንቋውን ለምን እንደነፈጉት። እሑድ ሊጠይቅዎ ይመጣል። ሲመልሱለት ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ፈጠን ያለ ንግግር ገና አይገባውም።