ሁለት ጭረት ያለበት ማውዝፒስ

ይድረስ ለጋሼ፤

ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ። እኔም እማዬም ደህና ነን፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃውን ጠልቷል።

ኦርኬስትራው ውስጥ አንተ ስትሄድ በለቀቅከው ወንበር ተቀምጬ ትራምፔት እየነፋሁ ነው። ባለፈው ሳምንት መሪያችን ልምምዱን አስቁሞ «ያንተ ትራምፔት ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም፤ ከንፈርህ የሚያርፍበትን ማውዝፒስ ጎድጓዳው ጠለቅ ባለ ቀይረው» አለኝ። የአዲሱ ዋጋ የሚቀመስ ስላልሆነ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ወደሚሸጡት ሽማግሌ ሄድኩ። መሳቢያቸውን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉልኝ። የአንዱ ጠርዝ ከንፈር ይቆርጣል፣ ሌላው ትንፋሽ ይጨርሳል። አምስተኛው ግን ገና ከንፈሬ ላይ ሳሳርፈው ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ በርካሽም ሰጡኝ።

ቤት ወስጄ ሳጸዳው አንገቱ ላይ ሁለት ጭረት አየሁ። ልጆች ሳለን ማውዝፒሶቻችን እንዳይቀያየሩ የኔ ላይ አንድ፣ ያንተ ላይ ሁለት በምስማር መጫራችንን መቼም አትረሳም፤ ያንተን ስትሄድ ይዘኸው ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ከየት እንዳገኙት ብጠይቃቸው «የማላውቀው ሰውዬ ነው የሸጠልኝ፤ ዓመት አልፎታል» አሉኝ።

ባለፈው ወር በደረሰን ደብዳቤህ ደግሞ «ዛሬም የምነፋው በዚያው በአሮጌው ማውዝፒሴ ነው» ብለሃል። እማዬ ደስ ስላላት ያንን መስመር ሁለቴ አነበብኩላት። ስለገዛሁት ግን አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከአምና ጀምሮ ደብዳቤህ ሁሉ በታይፕ ነው፤ እማዬ የእጅ ጽሕፈትህ ናፍቋታል። እባክህ በእጅህ ጻፍልን፤ ያንተ እጅ መሆኑን የምለይበት አንድ መስመር ይበቃኛል።

ሰላምታችን ያለህበት ድረስ መጥቶ ያግኝህ።

ታናሽ ወንድምህ