የረባሾች ዝርዝር ጀርባ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2። ጠዋት 1፡00።
ዘጠነኛ “ለ” ተጠረገ። የሰባ ልጅ ክፍል። የሸንኮራ ምጣጭ ሁለት አካፋ። ትምህርት የሚተላለፍበት ፕላዝማ ጨርቅ ለብሶ ተሰቅሏል፤ ከልጆቹ ይልቅ እሱ ይከበራል።
ከተማሪዎቹ ሐያት ዛሬም በረብሻ ቀደመች። የጠረግሁት ላይ ወረቀት ጣለች። አንሺ ብላት፣ “እማማ ዘምዘም፣ እኔ ካልጣልሁ እርስዎ ምን ሊሠሩ ነው?” አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። በአርባ ዓመቴ ፊደል ስቆጥርም እንዲሁ ተስቆብኛል። አልረሳሁም።
የት/ቤቱ ደንብ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ምክር። ከዚያ የፊት ወንበር። ከዚያ ወላጅ መጥቶ መፈረም። መጨረሻ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ እሱ ያባርራል። ሞኒተሩ ብሩክ በየቀኑ የረባሾችን ስም ጽፎ ለዩኒት ሊደሩ ለአቶ ፈቃዱ ይሰጣል፤ የሚቆጠረው በዚያ ነው። ሐያት ወላጅ አምጪ ከተባለች ሳምንት አለፋት። አላመጣችም። ንቀት ነው ተባለ። እሰየው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 4። ከሰዓት።
ለዓይኔ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ በሚኒባስ። በሴቶች መኝታ ክፍል በኩል ሳልፍ ማንን ባይ? ሐያት። ለእናቷ አጥሚት በማንኪያ ትሰጣለች። አስታማሚዎቹ ከማለዳ ጀምራ እዚሁ ናት አሉኝ። ሌላ ሰው የላቸውም። አየችኝ። አላህ ያሽርልሽ ማለት አቃተኝ። አለፍሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5።
አቶ ፈቃዱ እንደ ልማዱ የስም ዝርዝሮቹን መዝገብ ላይ ገልብጦ ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለ። እኔም እንደ ልማዴ አንሥቼ፣ ባዶ ጀርባው ላይ ልጽፍበት ካንቺ ጋር በክር ሰፋሁት። ማስታወሻዬ፣ ከዚህ ነው የተሠራሽው። ይህም አዲሱ ገጽሽ ነው።
ተናድጃለሁ። አቶ ፈቃዱን እቃ ግምጃ ቤት ካርቶን ላይ ሲያንኮራፋ አገኘሁት። ነቅቶ ጮኸብኝ፣ በልጆች ፊት መሃይም አለኝ። መሃይምስ እሱ! ልጅ መግራት አቅቶት ስም ይለቅማል። ሆዱ ነጋሪት። ኮንትራቴ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ባይሆን ፊት ለፊት እነግረው ነበር። ላንቺ ነገርሁ፣ ይበቃል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 8።
የሐሙሱን ገጽ ገለበጥሁት። በብሩክ እጅ፦ “ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 4፣ የረባሾች ስም። 1ኛ ሐያት።”
ረቡዕ? ያን ቀን ሆስፒታል አልነበረችም እንዴ? ዓይኔ ታመመ እንጂ አልታወርሁም። ፊደል በፊደል ደግሜ አነበብሁ። ያው ነው።
ዝም ብል ማን ያውቃል? ኮሚቴው ያባርራት፣ ትሂድ። ወለሌ ይጸዳል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9።
ዝም ማለት አልሆነልኝም። ብሩክን በር ላይ ያዝሁት። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ጎበዝ ተማሪ ነው። አልዋሸኝም። “እማማ፣ ፕላዝማው አይጠብቅም። ስም ስጽፍ ትምህርቱ ያልፈኛል። የትናንቱን ዝርዝር ጠዋት ገልብጬ እገባለሁ።” ለኮሚቴው ንገር ብለው ደብተሩን አቅፎ ወደ ክፍሉ ሮጠ።
ሐያትን ስለ እናቷ ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅሁ። “እንዲያዝኑልኝ?” ብላ ወረቀት ጣለችልኝ።
የእሷን ጉዳይ ለማየት ኮሚቴው ነገ 3፡00 ሰዓት ይቀመጣል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10። ጠዋት 2፡30።
ማስረጃው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። ጀርባዋ ላይ ደግሞ የሐሙሱ ጽሑፌ አለ። የአቶ ፈቃዱ ማንኮራፋትም፣ ሆዱም። በእስክሪብቶ ላጠፋው አሰብሁ። ወረቀቷ ስስ ናት፣ ቀለሙ አልፎ የብሩክን ጽሑፍ ያበላሻል። ደግሞስ በስተርጅና ተምሬ የጻፍሁትን እኔው ላጥፋ?
ሐያትን አሁንም አልወዳትም። ለኮሚቴው የምለውን ግን አውቃለሁ፦ ትረብሻለች፤ ረቡዕ ግን አልነበረችም። እናቷ ሆስፒታል ናት። ወደ ሦስተኛው ደረጃ መልሷት። ወላጅ ይፈርም ካላችሁ እኔ እፈርማለሁ። በአውራ ጣቴ አይደለም፣ በስሜ።
የሐሙሱን ቃል ሌላ ገጽ ላይ ገልብጬልሻለሁ፣ እንዳይጎድልብሽ። አንድም አልቀነስሁ፣ ሆዱንም።
አሁን ገጿን አውጥቼ ለኮሚቴው ልወስዳት ክሩን ልፈታ።